ለሬዲዮ ባርኔጣቸውን የሚያወልቁት ሰው

ጋሼ ታከለ ማረፋቸውን የሰማሁት አርባቸው ከወጣ በኋላ ነው። ደብረ ታቦር መናኸሪያ አንድ የእስቴ ሰው አገኘኝና ሰላምታችንን ሳንጨርስ፣ ያ የሬዲዮው ሰውዬ አረፉ፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ ነው የተቀበሩት አለኝ። ሰውየውን ተቆጣሁት። የእሳቸው ሞት እንዴት እንደ ተራ ወሬ ቲኬት ሰልፍ ላይ ይነገረኛል ብዬ። ምስኪን፣ እሱ ምን ያድርግ፤ ደግ ሆኖ ነው የነገረኝ። ያለቀስኩት ቤቴ ገብቼ ነው። አልቅሼ ስጨርስ ደግሞ ሳቄ መጣ። ጋሼ ታከለን ያወቀ ሰው እሳቸውን አስታውሶ ሳይስቅ አይቀርም።

እኔ ጡረታ የወጣሁ ጤና ረዳት ነኝ። ቁጡ ናት ይሉኛል፤ አልዋሽም፣ ነኝ። ከእሳቸው ጋር የተዋወቅነው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ፣ ስማዳ ውስጥ፣ ከወገዳ ወጣ ብሎ ሜዳ ላይ በተተከለ መጠለያ ነው። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከየቀበሌው የተሰደደው ሰው በሸራና በሣር ዳስ ሰፍሮ፣ እኔ ሕፃናቱን እመዝናለሁ፣ ወተት አድላለሁ፣ ተቅማጥ አክማለሁ። መንገዱ መኪና አያስገባም ነበርና የምንበላውም የምናክምበትም የሚመጣው በአውሮፕላን ነው።

ሁለት አውሮፕላን ነበረን። ትንሹ መድኃኒትና የልጆች ወተት ይዞ ሣሩ ላይ ያርፋል። ትልቁ አያርፍም፤ ከቆላው በኩል መጥቶ፣ ዝቅ ብሎ እየበረረ ስንዴውን በጆንያ ሜዳው ላይ ያራግፍና ይሄዳል። የመጠለያው ሰው ትንሹን «ወተቴ»፣ ትልቁን «ጆንያው» ብሎ ስም አውጥቶላቸው ነበር። ወተቴ ጠዋት፣ ጆንያው ከሰዓት ነው የሚመጡት። ሁለቱ ሜዳው ላይ እንዳይገናኙ የሚጠብቁት ጋሼ ታከለ ነበሩ።

በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊት የመገናኛ ሃምሳ አለቃ ሆነው አገልግለዋል። ከዚያ ወጥተው አገራቸው እስቴ እርሻቸውን ሲያርሱ፣ ሬዲዮ የሚያውቅ ሰው ይፈለጋል ተብሎ ከእርፉ ላይ ተጠርተው መጡ። መሥሪያ ቤታቸው አንድ የሸራ ጥላ ነው። በባሕር ዛፍ እንጨት የቆመ አንቴና፣ የመኪና ባትሪ፣ ሬዲዮና አንድ በርጩማ። ከብቱን ከሜዳው የሚያስነሱት እሳቸው፣ ነፋሱን የሚያዩት እሳቸው፣ ትንሹን አውሮፕላን ና ውረድ የሚሉት እሳቸው። አንድ ቀን ይህ ሁሉ ሰማይ እያለ ሁለት አውሮፕላን ምን ያገናኛቸዋል ብዬ ስስቅባቸው፣ ሰማይ ሰፊ ነው ያለሽ ማን ነው፣ እዚህ ሜዳ ላይ ሲደርስ እኮ የበሬ መንገድ ታህላለች አሉኝ።

ሰውን ማስደገም ይወዱ ነበር። ፓይለቱ ገብቶኛል ካለ አይበቃቸውም፤ ምን እንደገባው ራሱ ይናገር። እኔም መድኃኒት ሳስልክ ዝርዝሩን አንብቤላቸው ስጨርስ ያነባሉ፣ እሳቸው አንብበው ሲጨርሱ እኔ አነባለሁ። ስቸኩል ልቤ ይፈላል። ጋሼ፣ ዳዊት መድገም እኮ አይደለም እላቸዋለሁ። እሳቸው እንደሁ የሚጣደፉ ሰው አይደሉም። ማይኩን በመሐረባቸው ጠረግ ጠረግ ያደርጉና፣ «በይ እቴ፣ ከመጀመሪያው» ይሉኛል።

የማያስደግሙት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ደብረ ታቦር ባለው ማዕከል ሬዲዮ ላይ የሚሠሩ አዛውንት፣ መቶ አለቃ አየነው። ትልቁ አውሮፕላን ከእኛ ጋር በቀጥታ አይነጋገርም፤ መቼ እንደሚመጣ የሚነግሩን መቶ አለቃ ናቸው። ጋሼ ታከለን ሠራዊቱ ውስጥ ሬዲዮ ያስተማሯቸውም እሳቸው። ታዲያ የመቶ አለቃ ድምፅ ሲመጣ ጋሼ ታከለ ከበርጩማው ይነሣሉ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ብብታቸው ሥር ያደርጋሉ፣ ጎንበስ ይላሉ። መልሳቸው ሁልጊዜ «ተቀብያለሁ፣ ጌታዬ» ነው። የወረዳው ካድሬ «ጌታዬ» የሚባል ነገር ቀርቷል፣ ጓድ በል ብሏቸው እሺ አሉ፤ በማግስቱ ያው ጌታዬ ነው።

«ጋሼ፣ እሳቸው እኮ አያዩዎትም» አልኳቸው አንድ ቀን።

«እኔስ አላያቸውም መሰለሽ?»

በዚያ ዓመት መቶ አለቃ ታመው ነበር። ሳሉ ጠንቶባቸው ድምፃቸው ከቀን ወደ ቀን እያነሰ ሄደ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግማሹ ሳል፣ ግማሹ የሬዲዮ ሹክሹክታ ነው። ጋሼ ታከለ ጆሯቸውን አስጠግተው፣ ግንባራቸውን ቋጥረው ያዳምጣሉ እንጂ አንድም ቀን ይድገሙልኝ ሲሉ አልሰማሁም። እኔም አላሰብኩበትም። ታላቅ ሰውን ይድገሙ ማለት ነውር እንደሆነ እኔም ያደግሁበት ነው።

አንድ ጠዋት ወተቱ እየመጣ መሆኑን ልጠይቅ ወደ ሸራው ሄድኩ። ጉም ከሥር ካለው ገደል ወጥቶ የሜዳውን ዳር ይዞታል። የመቶ አለቃ ድምፅ መጣ፤ ጋሼ ታከለ ተነሡ፣ ባርኔጣው ወረደ። ትንሹ ተነሥቷል የሚለውን ሁለታችንም ሰማን። ከዚያ ሳል ሆነ፤ ከሳሉ ሥር ቃላት አሉ፣ ግን አንዱም አይያዝም። መጨረሻ ላይ «ተቀበልክ?» የሚለው ብቻ ጥርት ብሎ ወጣ።

ጋሼ ታከለ አፋቸውን ከፈት አደረጉ። ሊጠይቁ ነው ስል መልሰው ገጠሙት። «ተቀብያለሁ፣ ጌታዬ» አሉ፤ ደብተራቸው ላይም ተቀበልኩ ብለው ጻፉ። መጨረሻ ላይ ምን አሉ ብዬ ጠየቅኋቸው። ትንሹ መጣ ነው ያሉት አሉኝ። ከዚያስ ስላቸው ያው ነው ብለው ማይኩን መጥረግ ጀመሩ። እኔም እንዳልሰማሁ አውቃለሁ፤ እሳቸውም እንዳልሰሙ አውቃለሁ፤ ዝም አልኩ።

ከሳሉ ሥር የቀረው መልእክት፣ ትልቁ ዛሬ በጠዋት ስለሚመጣ እሱ እስኪጨርስ ትንሹን አቆዩት የሚል ነበር።

ወተቴ ብቅ ሲል ፓይለቱ ሰማዩ ባዶ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ታከለ ባዶ ነው፣ ውረድ አሉት። እንደ ደንባቸውም አስደገሙት። ወተቴ አፍንጫውን ዝቅ አድርጎ ወደ ሜዳው ሲመጣ ከፊት ለፊቱ ጉሙ ውስጥ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። ወፍራም ድምፅ። ጉሙን ቀዶ ጆንያው ወጣ፤ ሆዱ ተከፍቶ ጆንያ ሊያራግፍ ነው። አፍ ለአፍ ሊገጥሙ ነበር። ከሥራቸው ወተት ለመቀበል የተሰበሰበው ሕዝብ አለ። ጋሼ ታከለ እንግሊዝኛው ሁሉ ጠፍቷቸው ማይኩ ውስጥ በአማርኛ «ቁም! ቁም!» እያሉ ጮኹ፤ በሬ ይመስል። በኋላ ራሳቸው፣ አውሮፕላን ቁም ይባላል እንዴ እያሉ ይስቁበት ነበር። ያን ጊዜ ግን አልሳቅንም።

ወተቴ አንድ ክንፉን አዘንብሎ ወደ ገደሉ ወረደና ከዓይናችን ጠፋ። ጆንያው ቀና ብሎ ከላያችን አለፈ፤ ስንዴው ገደል ገባ። ከዚያ ወተቴ ከገደሉ ማዶ ትንሽ ሆኖ ብቅ ሲል አንዲት እናት እልል አለች። አላረፈም፣ ወደ መጣበት ተመለሰ። ጋሼ ታከለ መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር። እኔ የሸራውን ምሰሶ አቅፌ ቆሜያለሁ።

ከሰዓት በኋላ መልእክት መጣ። ነገሩ ተጣርቶ እስኪያልቅ ድረስ ወደዚህ ሜዳ አውሮፕላን አይመጣም። ወተቱን ቆጠብኩት፤ ለአንድ ልጅ የማደርገውን ለሁለት አደረግሁ፣ ቀጥሎ ለሦስት። በሦስተኛው ቀን የወተቱ በርሜል ታጥቦ ተደፋ።

የዚያኑ ዕለት ጠዋት አጣሪዎቹ መጡ። የትንሹ አውሮፕላን ፓይለት፣ ፀጉሩ ቀይ የሆነ ረጅም ፈረንጅ፣ ወተት ሳይሆን የአቪዬሽን ሻምበል ይዞ አረፈ። ካድሬው ከወገዳ በበቅሎ መጣ። ሸራው ሥር ተቀመጡ፤ እንግሊዝኛ ስለምችል ለፈረንጁ እንዳስተረጉም እኔም ተጠራሁ።

ካድሬው ነገሩን ቀድሞ ጨርሶታል። አሻጥር ነው አለ። ያ ቃል በዚያ ዘመን ከተነገረ ሰው ይዞ ሳይሄድ እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቃለን። ደብረ ታቦር ያለው ሽማግሌ የቀድሞው ሥርዓት መኮንን መሆኑን ለሻምበሉ አስረዳና ወደ ጋሼ ታከለ ዞረ።

«ጓድ ታከለ፣ ሰውየው መልእክቱን አልላከም፤ አይደለም? አልላከም በል። ሌላ ሰው ይተካል፣ አውሮፕላኑም ነገ ይመጣል።»

እውነቱን ልናገር፤ በልቤ አልላኩም በሉ እያልኩ ለመንኳቸው። መቶ አለቃን በዓይኔ አይቻቸው አላውቅም። ልጆቹን ግን በየቀኑ እመዝናለሁ። አንድ ሽማግሌ ይሂድና ወተቱ ይምጣ ብዬ አሰብኩ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ አሁንም ስጽፈው ያሳፍረኛል።

ጋሼ ታከለ ተነሡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ልከዋል» አሉ። «አልሰማሁም። ሳልሰማ ተቀብያለሁ አልኩ።»

ሻምበሉ ለምን አላስደገምክም አላቸው። አፈርኩ አሉ። ምን ያሳፍራል ሲላቸው ባርኔጣቸውን በእጃቸው አገላበጡት።

«ያስተማሩኝ ሰው ናቸው። ድምፃቸው እየከዳቸው ነው። ይድገሙልኝ ብላቸው፣ እርስዎ አበቃልዎት ማለት መሰለኝ። እሳቸውን እንዳላሳፍር ብዬ ይህን ሁሉ ሰው ልጨርስ ነበር።»

ለፈረንጁ ለማስተርጎም ተቸገርኩ። ሰው ታላቁን አልሰማሁዎትም ከሚል ሞትን እንደሚመርጥ በምን አፌ ልንገረው። ብቻ እየተንተባተብኩ ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ጆሮውን አከክ አከክ አደረገና ለረጅም ጊዜ ጋሼ ታከለን አያቸው። ከዚያ፣ አሁን ይጥሯቸው አለኝ። ሽማግሌውን አሁን ይጥሯቸውና የአየሩን ሁኔታ ይጠይቋቸው፣ ልስማ።

ጋሼ ታከለ በርጩማው ላይ አልተቀመጡም። እንደ ልማዳቸው ቆመው ጠሩ። የመቶ አለቃ ድምፅ መጣ፤ ነፋስ የሚል ቃል ሰማሁ፣ ከዚያ ሳሉ ዋጠው። ተቀበልክ ወይ አሉ። የጋሼ ታከለ ላብ ከግንባራቸው እስከ አገጫቸው ወረደ። ካድሬው፣ ሻምበሉ፣ ፈረንጁ፣ እኔ፣ ሁላችንም አፋቸውን ነው የምናየው።

«ጌታዬ» አሉ፤ «አልሰማሁዎትም። ይድገሙልኝ።»

ሬዲዮው ሹክሹክ ሲል ቆየ። ሽማግሌው ዘጉት ብዬ ነበር። ከዚያ ድምፃቸው ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል መጣ።

«ታከለ። ያን ቀንም አልሰማህም አይደል?»

«አልሰማሁም፣ ጌታዬ።»

«ጠርጥሬ ነበር። የሰማኸውን ድገምልኝ ልልህ አሰብኩና፣ ድምፅዎ አይሰማም እንዳትለኝ ፈራሁ። በል አሁን እደግመዋለሁ። አንተም ትደግምልኛለህ።»

ደገሙት። ሲያስላቸው አቁመው፣ ውሃ ጠጥተው ከተዉበት ቀጠሉ። ጋሼ ታከለም ነፋሱን፣ ጉሙን፣ ሰዓቱን አንድ ሳይቀር መልሰው ነገሯቸው። ሁሉን አስተረጎምኩለት። ፈረንጁ ተነሥቶ ለሻምበሉ ያለውን ደግሞ ለካድሬው በአማርኛ መለስኩት። እነዚህ ሁለት ሰዎች ከሬዲዮው ካልተነሡ ነገ እመጣለሁ፤ ከተነሡ አልመጣም። ሻምበሉ ጻፈ። ካድሬው ደስ አላለውም፤ ለበላይ አካል አመለክታለሁ አለ። ዞሮ ዞሮ በጋሼ ታከለ ላይ የደረሰው፣ ወገዳ ላይ በተጠራ ስብሰባ ቆመው ግለ ሂስ ማድረግ ነው። አደረጉ። ሲጨርሱ ቃለ ጉባኤ ያዡን፣ «የጻፍከውን አንብብልኝ» አሉት አሉ። አዳራሹ በሳቅ አለቀ፤ ካድሬው ራሱ ሳቀ።

እኔን ምን እንዳስተማሩኝ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። ለእናቶች መድኃኒት ስሰጥ እንዲህ አድርጊ እላለሁ፣ እሺ ይላሉ፣ ይሄዳሉ። ልጁ በማግስቱ ብሶበት ሲመጣ እኔ እቆጣለሁ። ከታች ስማዳ የመጣች አንዲት እናት ነበረች፤ ልጇ በተቅማጥ ደርቆ ከቆዳና ከዓይን በቀር የቀረው የለም። የጨውና የስኳሩን ውሃ እንዴት እንደምትበጠብጥለት ነገርኳት፣ እሺ አለችኝ። ልትሄድ ስትል እጇን ያዝኩና፣ እኔ በደንብ አልነገርኩሽ ይሆናል፣ ምን እንዳልኩሽ እስቲ ንገሪኝ አልኳት። አንገቷን ደፋች። አንቺን የተማርሽውን እንዴት ብዬ አልገባኝም ልበልሽ አለችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ አብረን በጠበጥነው፣ አብረን በማንኪያ አጠጣነው። ልጁ ዳነ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከዚያ ወዲህ አንዲትም እናት ሳላስደግማት ከክፍሌ አልወጣችም። ቁጡ ናት የሚሉኝ በዚህም ጭምር ነው።

እሳቸውን ሳስብ ግን ቶሎ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ከምርመራው ማግስት ያለው ጠዋት ነው።

ጉሙ ያው ነው። መጠለያው በሙሉ ከዳሱ ወጥቶ ሜዳው ዳር ተቀምጧል። ወተት ካለቀ ሌሊት አልፎበታል፤ ልጆች ያለቅሳሉ፣ እናቶች ያባብላሉ፣ ሽማግሌዎች እግዚኦ ይላሉ። የወተቴ ድምፅ ከጉሙ በላይ ተሰማ፤ ይዞራል። ፓይለቱ ልውረድ ወይ ይላል። ጋሼ ታከለ ቆይ አሉት፤ ትልቁ ጠዋት ይምጣ ከሰዓት ከመቶ አለቃ ያልሰሙት ነገር አለ። ይድገሙልኝ አሉ። ሳል መጣ። አሁንም ይድገሙልኝ አሉ። ያን ጊዜም ሳል ነው። ወተቴ ሁለተኛ ዞረ፣ ሦስተኛ ዞረ። ካድሬው መጥቶ ከጎናቸው ቆሟል፤ ነዳጁን ጨርሶ ሊመለስብን ነው፣ ውረድ በለው ይላል። እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት። ካድሬ በእጅ ዝም ሲሰኝ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

የሸራው ጥላ አጠገብ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው የተቀመጡ አሮጊት ነበሩ። አንጋጠው ሰማዩን አዩ፣ ከዚያ ጋሼ ታከለን አዩ።

«ልጄ፣ ምን እያልካቸው ነው ይህን ሁሉ የምታዞራቸው?»

«አልሰማሁም እያልኳቸው ነው፣ እናቴ።»

አሮጊቷ አሰብ አደረጉ። «እኛ እየተንጫጫን ምኑን ትሰማ» አሉ። ከዚያ ወደ ኋላ ዞረው አጠገባቸው ያለችውን ሴት ዝም በይ አሏት፤ ሰውየው ሊሰማ ነው። ሴትየዋ ለቀጣይዋ ነገረች። ቃሉ ከሰው ወደ ሰው ሄደ። እናቶች የሚያለቅሱትን ሕፃናት ደረታቸው ላይ አጣብቀው አፋቸውን በጡታቸው ያዙ፣ ሽማግሌዎቹ እግዚኦታውን በልባቸው አደረጉት። ያ ሁሉ ሕዝብ፣ የሜዳው ዳር እስከ ዳር፣ ዝም አለ። ከላይ ከሚዞረው አውሮፕላን በቀር አንድ ድምፅ የለም።

ጋሼ ታከለ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ማይኩን አስጠግተው፣ ሁላችንም እንድንሰማ ጮክ ብለው፣ «ጌታዬ፣ አልሰማሁዎትም፤ ይድገሙልኝ» አሉ።

መቶ አለቃ ደገሙት። ትልቁ መጥቷል፣ ከተራራው ጀርባ ነው፣ እሱ ይቅደም። ጋሼ ታከለ ቃል በቃል መለሱላቸው፤ ለፈረንጁም ነገሩት፣ እሱም መለሰላቸው። ወተቴ ራቅ ብሎ ሄደ። ጆንያው ከጉሙ ወጣ፣ ስንዴውን ሜዳው ላይ ዘረገፈ፣ አለፈ። ሰማዩ ባዶ ሲሆን ወተቴ መጥቶ ሣሩ ላይ አረፈ።

በርሜሉን እንደገና ሞላሁት። ያን ቀን ወተት ለሁሉም ደረሰ።